ከብብት እስከ መሬት

መቋሚያ የማኅሌት ሊቃውንት የሚደገፉበት በትር ነው። ራሱ ከናስ፣ ከቀንድ ወይም ከእንጨት ይሠራል። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተዘርግቶ ጫፎቹ በጥቂቱ ይቀለበሳሉ። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ያደገ፣ የማይጎብጥ እንጨት ነው። እግሩን ብዙዎች ብረት ያለብሱታል። ቁመቱን የሚወስነው የባለቤቱ ገላ ነው። ሰውየው ቀጥ ብሎ ሲቆም የመቋሚያው ራስ ብብቱ ሥር መግባት አለበት። ከዚያ ከረዘመ ትከሻ ያንጠለጥላል፤ ካጠረ ወገብ ያጎብጣል።

ልኩ ለዕረፍት የተበጀ ይመስላል። ማኅሌት ሌሊቱን የሚቆም አገልግሎት ነው፤ ቆሞ የሚያድር ሰው መደገፊያ ይሻል። ያው ልክ ግን ሁለተኛ ሥራ አለው። መቋሚያው ከብብት ወጥቶ ከራሱ ዝቅ ብሎ ሲያዝ፣ ክንድ ሳይንጠራራ እግሩ መሬት ይደርሳል። ክንድ በጥቂቱ ሲነሣ ደግሞ ራሱ ከጥምጥሙ በላይ ይታያል። ዝማሜ የሚባለው የመቋሚያ እንቅስቃሴ ሁሉ በዚህ ርቀት ውስጥ ያልቃል።

አቋቋም ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የዜማ ትምህርቶች አንዱ ነው። ስሙ እንደሚለው መቆምን ያስተምራል፤ ቃልን፣ ዜማንና ገላን ይዞ መቆምን። ባለሙያዎቹ በቅኔ ማኅሌት፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያኑ በውጭኛው ክፍል፣ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። በአንዱ ወገን ቀኝ ጌታ፣ በሌላው ግራ ጌታ አለ። መሪጌታው ይመራል። ነጠላው በትእምርተ መስቀል ተጣፍቷል፤ ከላዩ ካባ ይደረባል። ለበዓል የሄደ ምእመን ብዙ ጊዜ ዓይኑ የሚሄደው ወደ ከበሮው ነው፤ ከበሮው ይጮኻል፣ ይዘላል፣ ሰው ይሰበስባል። እኔ ግን ቀደም ብሎ መድረስን እመርጣለሁ። ሥራው በዝርዝር የሚታየው ከበሮው ገና ጥግ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው።

አንድ ቃል በአቋቋም ብዙ ጊዜ ይሠራል። በመጀመሪያ ቁም ይባላል። ድምፅ ብቻ ነው፤ ገላ አይወዛወዝም፣ መሣሪያ አይሰማም። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያ ይነሣል። ከዚያ መረግድ ነው፤ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ። በመጨረሻ ጽፋት፤ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ እጅ ይጨበጨባል፣ እግርም ይጨመራል። ቃሉ ከቁም እስከ ጽፋት ያው ነው። የሚለወጠው ስንት የሰውነት ክፍል ቃሉን እንደተሸከመ ነው። በቁም ጉሮሮ ብቻ ይሸከመዋል። በዝማሜ ክንድ፣ ወገብና ጉልበት ይጨመራሉ። በመረግድ መዳፍና አንጓ፣ በጽፋት ደግሞ እግር። ግዕዝ የማያውቅ ሰው እንኳ አሁን ቃሉ የት እንደደረሰ ከገላው ያነብባል።

ዝማሜን ቀረብ ብለን እንየው። መሪው ቃሉን ያነሣል፤ ረድፉ ይቀበላል። መቋሚያው ከመሬት የሚላቀቀው ድምፁ ሲላቀቅ ነው። ክንዱ ብቻውን አያነሣውም። ጉልበት በጥቂቱ ይላላል። ክብደት ወደ ቀኝ እግር ይሻገራል። ከወገብ በላይ ያለው ገላ ወደዚያው ይዘማል። መቋሚያው ከክብደቱ ቀጥሎ ይደርሳል፤ ቀድሞ አይደርስም። ከዚያ ወደ ግራ ይመለሳል፣ በዚያው ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ ወገብ፣ በመጨረሻ እንጨቱ። ቃሉ ሲያርፍ የመቋሚያው እግር መሬት ይነካል። ወለሉ ድንጋይ ከሆነ ይሰማል፤ ምንጣፍ ከሆነ በዓይን ብቻ ይታወቃል።

ከዚህ ሁሉ ረቂቁ በተሳበ ፊደል ላይ የሚደረገው ነው። በያሬድ ዜማ አንድ ፊደል ብቻ ተስቦ፣ ተጠምዝዞ፣ ተመልሶ ረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ለአዲስ ጆሮ ቃሉ እዚያ ላይ የጠፋ ይመስላል። ፊደሉ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ መያዝ ያስቸግራል። መቋሚያው ግን አላረፈም። ይወጣል፣ ይዘማል፣ ይመለሳል፣ ወደ መሬት ይቀርብና ሳይነካ ደግሞ ይነሣል። ያ አለመንካት ትርጉም አለው፤ ፊደሉ ገና አላለቀም ይላል። በመጨረሻ ሲነካ ቃሉ ተዘግቷል። ጆሮ የጠፋበትን ዓይን አገኘለት። በመቅረቡና በአለመንካቱ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ጣት ነው። ረድፉ በሙሉ ያንን ክፍተት እኩል የሚጠብቅ ከሆነ ሊቃውንቱ አብረው ብዙ ዘመን ቆመዋል ማለት ነው።

መምህራኑ ለእንቅስቃሴው ምሳሌ ያስተምራሉ። ወደ ግራና ወደ ቀኝ መዝመሙ ጌታ በሕማማቱ ሌሊት ወዲያና ወዲህ መንገላታቱን ያመለክታል። ወደ ታችና ወደ ላይ መሆኑ መውረዱንና ማረጉን ያሳያል። መቋሚያው ራሱ መስቀሉን ያስባል። እነዚህ ትርጓሜዎች የሥርዓቱ አካል ናቸው፤ ሳያውቁ ማየት ግማሹን ማጣት ነው። ሆኖም ምሳሌውን ያወቀ ሁሉ ዝማሜውን አያውቅም። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማንም ይወዛወዛል። መንገላታቱ የሚታየው ገላው ተገፍቶ እንደሄደ፣ በራሱ ፈቃድ እንዳልሄደ ሲመስል ነው። ለዚህም ነው ክብደት ቀድሞ እንጨቱ የሚከተለው። አንጓው ቀድሞ እንጨቱን ቢወረውረው ገላው ገፊ እንጂ ተገፊ አይሆንም፤ ምሳሌውም ይፈርሳል።

ጸናጽል በቀኝ እጅ ይያዛል። ያኔ መቋሚያው ወደ ግራ ይዛወርና ትከሻ ላይ ይደገፋል። ጸናጽሉ ከናስ ወይም ከብር የተሠራ፣ ከእጀታው ተነሥቶ በሁለት ወገን የሚቆም ቀጭን ብረት ነው። በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ሁለት ጋድም ዘንጎች ተሰክተዋል። በዘንጎቹ ላይ መካከላቸው የተበሳ ትናንሽ ሻኩራዎች ይንሸራተታሉ። ቋሚዎቹ ብሉይና ሐዲስ ኪዳን ናቸው ይባላል፤ ጋድሞቹ ፍቅረ እግዚአብሔርና ፍቅረ ቢጽ። ሻኩራዎቹ አምስት ሲሆኑ አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ያስባሉ።

እዚህም ዋናው ጊዜን መጠበቅ ነው። ሻኩራው እንደ እጅ አይታዘዝም። እጅ ሲንቀሳቀስ በዘንጉ ላይ ይንሸራተታል፤ እጅ ሲቆም ጥቂት ይቀጥልና ከቋሚው ጋር ይጋጫል። ድምፁ የሚወጣው እንግዲህ እንቅስቃሴው ካለቀ በኋላ ነው። ከከበሮው ጋር እኩል እንዲሰማ የፈለገ ሰው እጁን ከከበሮው በፊት ማቆም አለበት። ልዩነቱ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ነው። ቅርብ ሆኖ የተመለከተ ሰው የአዋቂው እጅ የከበሮውን ምት ሳይጠብቅ ሲቆም ያያል፤ ድምፁ ደርሶ ከከበሮው ጋር ይገጥማል። ጀማሪው እጁን ከከበሮው ጋር ያቆማል፤ ሻኩራው ዘግይቶ ይንሿሿል። በአንድ ረድፍ ውስጥ ሁለት ሦስት ጀማሪ ካለ ምቱ ጠርዙ ይሻክራል። የመንደር ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ እግሩ ክሩን ከፍቶ ሳይጨርስ እጁ መወርወሪያውን እንደማይለቅቅ ሁሉ፣ እዚህም አንዱ የገላ ክፍል የሌላውን መዘግየት አስቀድሞ ያውቃል።

ከበሮው ከወፍራም ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል። አንደኛው አፉ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው። ሁለቱም በቆዳ ይወጠራሉ። ሰፊው ወፍራም ድምፅ፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ገላው በጨርቅ ይለበጣል፤ በጨርቁ ላይ ጠፍሩ ከአፍ እስከ አፍ እየተመላለሰ ቆዳውን ይወጥራል። ማንገቻም አለው። ሰፊው አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት ምሳሌ ነው። ጨርቁ ያለበሱትን ልብስ፣ ጠፍሩ በገላው ላይ የቀረውን የግርፋት ሰንበር፣ ማንገቻው የታሰረበትን ገመድ ያስታውሳል። ስለዚህ ከበሮ የሚመታ ሰው በእጁ ያለውን ያውቃል። በመረግዱ መጀመሪያ ከበሮው መሬት ላይ ሆኖ በዝግታ ይመታል፤ መቺውም ጎንበስ ይላል። ምቱ ሲፈጥን ከበሮው ይነሣል፣ በማንገቻው ይንጠለጠላል፣ መቺው ቀና ይላል፣ በረድፎቹ መካከል ይመላለሳል። የሕማማቱና የትንሣኤው ልዩነት በመቺው ጀርባ ላይ ይነበባል፦ መጀመሪያ የጎበጠ፣ በኋላ የቀና።

በዐቢይ ጾም ይህ ሁሉ ይቀመጣል። 55 ቀን ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ። የጾሙ የዜማ መጽሐፍ ጾመ ድጓ የሚቆመው በድምፅና በመቋሚያ ነው። ሥርዓቱ ከገላ ላይ ክፍል እያነሣ ይናገራል ማለት ነው፤ መዳፍና እግር ጾሙ፣ ክንድና ወገብ ቀሩ። ዝማሜን ለማጥናት ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም። የሚያደምቅለትም የሚሸፍንለትም የለም። ስሕተቱም እንዲሁ ራቁቱን ይቀራል።

ስሕተቱን ማወቅ ዓይንን ይስላል። ብዙ ጊዜ የማየው አንዱ ችኮላ ነው፤ የመቋሚያው እግር ከድምፁ በፊት መሬት ይደርሳል። ሌላው ጎረቤትን ማየት ነው። አንገት ወደ ጎን ሲዞር ትከሻ ይከተላል፣ ረድፉ ይሰበራል። አዋቂ ሰው ፊት ለፊት የቆመውን ረድፍ ያያል፤ የጎኑን በጆሮ ይይዛል። ሦስተኛው ማጋነን ነው፤ ከፍ አድርጎ ማንሣት፣ ሰፋ አድርጎ መዝመም። በሰርግ ቤት ያምር ይሆናል። በማኅሌት ግን አንዱ ከፍ ባደረገ ቁጥር ሌላው ዝቅ ያለ ይመስላል።

ዜማው ምልክት አለው። በዜማው መጽሐፍ በድጓው መስመሮች መካከል እንደ ይዘት፣ ደፋት፣ ቅናት፣ ጭረትና ርክርክ ያሉ ጥቃቅን ምልክቶች ተጽፈዋል። የእነዚህን ሥርዓት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን እንዳደራጁት ይነገራል። ለእንቅስቃሴው ግን እንዲህ ያለ ምልክት አልተበጀለትም። መቋሚያው መቼ እንደሚነሣ፣ ጉልበት ምን ያህል እንደሚላላ በብራና ላይ አይገኝም። ተማሪው መምህሩ አጠገብ ይቆማል፤ መቋሚያ ከሌለው ያገኘውን በትር ይይዛል፤ መምህሩ ሲዘም ይዘማል። የአቋቋም ተማሪ ድጓውን አስቀድሞ የያዘ ሰው ነውና ቃሉን ለማስታወስ አይጨነቅም። ጭንቀቱ በሙሉ ለገላው ይቀራል። ጎንደር በአታ ለማርያም ለዚህ ትምህርት ማስመስከሪያ ናት፤ እዚያ የተመሰከረለት ሰው የያዘው ከመምህሩ ገላ የተቀዳ ነው፣ የእርሱም ከመምህሩ።

ከገላ ወደ ገላ የሚተላለፍ ነገር መለያየቱ አይቀርም፤ ተለያይቷልም። የጎንደር አቋቋም አለ፤ የተክሌ አቋቋም አለ። ሁለተኛውን የፈጠሩት አለቃ ገብረ ሐና ናቸው ይባላል፤ ሕዝቡ በቀልዳቸው የሚያውቃቸው እኒያው። በጣና ዳር ሞገዱ ሲመላለስ፣ ሸምበቆው በነፋስ ሲያጎነብስና ሲቃና ተመልክተው አዲስ አካሄድ አበጁ። የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሏቸውም። እርሳቸውም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌ ደግሞ በደብረ ታቦር አስፋፋው። ዛሬም የደብረ ታቦር ኢየሱስ ስም ከተክሌ አቋቋም ጋር ይነሣል። ታሪኩ ያስቃል፤ ቀልደኛው አለቃ በቀልዳቸው ሁሉ ተወድደው በቁም ነገራቸው ተከለከሉ። ለዓይን ግን ልዩነቱ ቁም ነገር ነው። በተክሌ ገላው ከወገብ ጎንበስ ብሎ ሲመለስ መቋሚያውም አብሮት እንደ ሞገድ ይፈስሳል፤ መውረድና መውጣቱ አንድ መስመር ይሆናል። በጎንደሩ አቁሞ መጀመር ይበዛል። ማን ይበልጣል የሚለውን ክርክር ለባለቤቶቹ እተዋለሁ። እኔ በተሳበ ፊደል ላይ ተክሌን፣ በአጭር ቃል ላይ ጎንደርን እመርጣለሁ።

የዜማው አባት የቅዱስ ያሬድ ሥዕልም እዚህ ላይ መታየት አለበት። በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር፣ ንጉሡ ተመስጦ ጦሩን የያሬድ እግር ላይ ተከለ፤ ደም ፈሰሰ፣ ሁለቱም አላወቁም ይላል ገድሉ። ሠዓሊዎች ይህን ደጋግመው ሥለውታል። ያሬድ ጸናጽልና መቋሚያ ይዞ ይታያል፤ ንጉሡ በጦሩ ላይ ዘንበል ብሏል። አያያዛቸውን ያስተውሉ። ንጉሡ ጦሩን የያዘው እንደሚዋጋ ሰው አይደለም፤ የቆመ ሰው በሚደገፍበት አያያዝ፣ ቀጥ አድርጎ፣ የጦሩን እግር ወደ መሬት። ዜማው ሲያርፍ እርሱም አሳረፈ። ብረት የለበሰው እግር ያረፈበት ቦታ ብቻ ነው የተሳሳተው።

ቦታ ገላን እንዴት እንደሚቀርጽ ለማየት የላሊበላ ገና ይበቃል። ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ 28፣ በቤተ ማርያም ቤዛ ኵሉ የሚባለው ዝማሬ ይቆማል። ቤተ ክርስቲያኗ ከአለቱ ወደ ታች የተፈለፈለች ናትና ግቢዋ ጉድጓድ ነው። አንዱ ወገን ከላይ በአለቱ ጠርዝ ላይ ይሰለፋል፤ ሌላው ከታች በግቢው ይቆማል። ላይኞቹ መላእክት፣ ታችኞቹ ሰዎች ናቸው፤ እየተቀባበሉ ይዘምራሉ። በቅኔ ማኅሌት ወለል ላይ ሁለቱ ረድፎች እርስ በርስ ሊቀራረቡና ሊራራቁ ይችላሉ። በጠርዙ ላይ ግን ወደ ፊት የሚረገጥ መሬት የለም። ስለዚህ እንቅስቃሴው በሙሉ ወደ ታችና ወደ ላይ ይሆናል። ረድፉ በአንድነት ከጉልበቱ ዝቅ ይላል፣ በአንድነት ቀና ይላል። ከታች ሆኖ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው የአለቱ ጫፍ ራሱ ዝቅና ከፍ የሚል ይመስላል። መላእክት ወደ እረኞች የወረዱበትን ሌሊት ለመናገር ወደ ፊት መራመድ አያስፈልግም፤ ዝቅ ማለት ይበቃል። ሌላውን የጨረሰው ከዘመናት በፊት አለቱን የፈለፈለው ሰው ነው።

በጥምቀት ደግሞ ሥራው ከወለልም ከጠርዝም ወጥቶ መንገድ ላይ ይውላል። ጥር 10 ታቦታት ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ ጥር 11 ውሃው ይባረካል። ዩኔስኮ በዓሉን በ2012 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል። ዳዊት በታቦቱ ፊት እንደ ዘለለ መጽሐፈ ሳሙኤል ይናገራል፤ ሊቃውንቱም በታቦቱ ፊት ያሸበሽባሉ። ችግሩ ታቦቱ መሄዱ ነው። ሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆሞ መዘመር የለመደ ገላ አሁን እየተራመደ መዝመም አለበት። ጀርባን ለታቦቱ መስጠት ነውር ነውና ከፊት ያሉት ፊታቸውን ወደ ታቦቱ አድርገው ወደ ኋላ ይረግጣሉ። መንገዱ ጠጠር አለው፣ ቁልቁለት አለው። እርምጃው ይጠብባል፤ ተረከዝ መሬቱን ሳይፈትን ክብደት አይጣልበትም። የላይኛው ገላ ግን ይህን አይናገርም፤ ትከሻና ክንድ በቅኔ ማኅሌት እንደነበሩ ናቸው። ወገብ ከላይ ያለውንና ከታች ያለውን ይለያል። ይህን በአካል ሞክሮ የማያውቅ ሰው ወገባቸው ስንት ሥራ እንደሚሠራ አይገምትም።

ከሊቃውንቱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የየሰፈሩ ወጣት ዱላ ይዞ ይጨፍራል። እርሱም በእጁ ያለው ከመቋሚያ እምብዛም ያልተለየ እንጨት ነው። ሆታው ሲጀመር ይዘልላል፣ ዱላውን ከራሱ በላይ ያወጣዋል፤ ኃይሉ ሁሉ በማንሣቱ ላይ ነው፣ ከዚያ በኋላ ዱላው እንዴት እንደሚወርድ ግድ የለውም። ትከሻው እስክስታ ላይ ይመራል፤ ክንድና በትር ይከተላሉ። በሊቃውንቱ ዘንድ ትከሻ ተከታይ ነው፣ ማንሣቱም ቀላል ነው። ጥንቃቄያቸውን ያስቀመጡት በማውረዱ ላይ ነው፤ ሩብ ሰዓት በአንድ ቦታ ቆሞ የሁለቱን በትሮች ጫፍ ብቻ ያየ ሰው ማን የት እንደተማረ ሳይጠይቅ ይለያል።